በርቀት ዴስክቶፕ ሁለት ልዩ ልዩ ኮምፒውተሮች ሳይግባቡ ሲቀሩ

ጊዜው 2012 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን ተገለጸ፤ መጋቢት 7 ቀን ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያን ወቅት የመመረቂያ ጥናታችንን በጋራ እናዘጋጅ የነበርን ሁለት ተማሪዎች፣ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል ውስጥ እንድንቀመጥ ተገደድን። የሁለት ዓመት ልኬታችን ግን ከተማው መሐል በሚገኝ አንድ ቤተ ሙከራ፣ ሊኑክስ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ለቡ ባለው ጠረጴዛችን ላይ የነበረው ዊንዶውስ የተጫነበት አንድ ላፕቶፕ ብቻ ነበር።

መፍትሔው ቀላል መስሎን ነበር። ሩቅ ያለን ኮምፒውተር ማያ ገጽ ቤት ሆኖ ለማየት፣ በራሱም የቁልፍ ሰሌዳና ማውስ ለማዘዝ የሚያስችለው «የርቀት ዴስክቶፕ» የተባለው ስልት እንዳለ እናውቃለን። ይሁን እንጂ ላፕቶፓችን ደጋግሞ የሰጠን ምላሽ «ከሩቁ ኮምፒውተር ጋር መገናኘት አልተቻለም» የሚል ብቻ ሆነ። አራት ቀን ሙሉ በግምት ስንባክን ቆየን፤ ፕሮግራሙን አጠፋን፣ መልሰን ጫንን፣ ፋየርዎሉን ዘጋን፣ ያገኘነውን ማስተካከያ ሁሉ ነካካን። በአምስተኛው ቀን ግምቱን ትተን በቅደም ተከተል መጠየቅ ጀመርን። ያን ጊዜ አንዱ መልእክት ከበስተጀርባው ተራ በተራ የቆሙ አምስት ልዩ ልዩ ችግሮችን ይሸፍን እንደነበር ተረዳን። ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ችግሮች ከነሳይንሳዊ ምክንያታቸው እንመለከታለን።

የሐዲዱ ስፋት

ለቡ ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ጥሩ ምሳሌ አላት። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው በተለምዶ የለቡ ባቡር ጣቢያ የሚባለው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊሜትር ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1917፣ አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው ባቡር ሐዲድ ግን ስፋቱ 1,000 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱም ባቡር ናቸው፤ ሁለቱም አዲስ አበባን ከጅቡቲ ያገናኛሉ ተብለው ተሠሩ፤ የአንዱ ባቡር ግን በሌላው ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም።

በኮምፒውተሮች መካከል የሐዲዱን ስፋት ቦታ የያዘው ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመነጋገሪያ ደንብ ነው። በርቀት ዴስክቶፕ ረገድ በሰፊው የታወቁት ሦስት ናቸው። ቀዳሚው እ.ኤ.አ. በ1984 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተጀመረው ኤክስ ዊንዶው ሲሆን፣ «እዚህ ላይ መስመር ሥራ፣ እዚያ ላይ መስኮት ክፈት» የሚሉ ትእዛዞችን በኔትወርክ ይልካል። ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ከተማ በሚገኝ የምርምር ቤተ ሙከራ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1998 ለሕዝብ የተለቀቀው ቪ.ኤን.ሲ. ነው፤ ይህም የማያ ገጹን ሥዕል በአራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ከፋፍሎ ያስተላልፋል። ሦስተኛው በዚያው በ1998 በማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ኤን.ቲ. 4.0 ልዩ እትም የቀረበው አር.ዲ.ፒ. ሲሆን፣ ከሥዕሉ ሌላ ድምፅን፣ የማተሚያ ትእዛዝንና ፋይሎችንም ጨምሮ ያጓጉዛል።

እንግዲህ አር.ዲ.ፒ. የሚናገር ፕሮግራም ቪ.ኤን.ሲ. ብቻ የሚሰማን ኮምፒውተር ቢጠራ አይግባቡም። የአፕል ኮምፒውተሮች የማያ ገጽ ማጋሪያ መሠረቱ ቪ.ኤን.ሲ. ነው። ዊንዶውስ የሚጠቀመው አር.ዲ.ፒ. ሲሆን፣ ለቤት የሚሸጠው «ሆም» የተባለው እትም ሌላውን መጥራት እንጂ ራሱ ጥሪ መቀበል አይችልም። ሊኑክስ ደግሞ የተጫነለትን ይናገራል፤ «ኤክስ አር.ዲ.ፒ.» የተባለው ፕሮግራም ከተጫነለት የዊንዶውስን ጥሪ ይቀበላል። በእኛ ቤተ ሙከራ ኮምፒውተር ላይ ይኸው ፕሮግራም ተጭኖ ስለነበር፣ ቢያንስ የሐዲዱ ስፋት ተስማምቶልን ነበር።

አንድ ስሌት እዚህ ላይ ብናስገባ መልካም ነው። የላፕቶፓችን ማያ ገጽ 1,366 በ768 ነጥብ ነው፤ በድምሩ 1,049,088 ነጥብ ማለት ነው። እያንዳንዱ ነጥብ ለቀለሙ 3 ባይት ቢፈልግ፣ አንድ ሙሉ ሥዕል 3,147,264 ባይት ይሆናል። ይህን ሳያጨምቁ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ቢልኩት 25 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ፕሮቶኮሎቹ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ለይተው፣ እሱንም አጨምቀው ይልካሉ። በዘገምተኛ መስመር የዴስክቶፑን ፎቶግራፍ በአንድ ወጥ ቀለም መተካትና የቀለሙን ጥራት መቀነስ ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣውም ከዚህ የተነሣ ነው።

አንደኛው ችግር፤ የጠራነው ማንን ነው?

ቤተ ሙከራ ሳለን በማስታወሻችን ላይ የጻፍነው የኮምፒውተሩ አድራሻ 192.168.1.20 ነበር። ከለቡ ሆነን ወደዚህ አድራሻ «ፒንግ» የተባለውን የመሞከሪያ መልእክት ብንልክ ወዲያው መልስ መጣልን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ኮምፒውተሩ ካለ ለምን አይከፍትልንም ብለን ሁለት ቀን የተከራከርነው በዚህ መልስ ላይ ተመሥርተን ነው።

እውነቱ ግን ሌላ ነበር። በሥራ ላይ የኖረው የኢንተርኔት አድራሻ አሠራር ከ4,294,967,296 በላይ አድራሻ ሊኖረው ስለማይችል፣ እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ ደንብ የተወሰኑ ቁጥሮች ለየግቢው የውስጥ አገልግሎት ብቻ ተለይተዋል፤ በ192.168 የሚጀምሩት ከእነዚህ መካከል ናቸው። በአንድ ከተማ ውስጥ ብዙ ቤቶች «የቤት ቁጥር 20» ሊኖራቸው እንደሚችል ሁሉ፣ ይህ አድራሻም በየግቢው ይደጋገማል። የለቡ ቤታችን ራውተርም ያንኑ የቁጥር ዘር ያድል ነበር። የመለሰልን የአከራያችን ልጅ ስልክ ነበር!

ከውስጥ አድራሻ ወደ ውጭ የሚወጣውን መልእክት ራውተሩ በራሱ አድራሻ ተርጉሞ ይልከዋል፤ መልሱንም ለላኪው ይመልሳል። ከውጭ በራሱ ተነሣሽነት የሚመጣን ጥሪ ግን ለማን እንደሚያደርስ አያውቅምና ይጥለዋል። በብዙ የሞባይል ኢንተርኔት አገልግሎቶች ዘንድ ይህ ትርጉም በአቅራቢው ቤት ሁለተኛ ጊዜ ይደገማል። ስለዚህ መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «መልስ አለ ወይ?» የሚለው ሳይሆን «መልሱን የሰጠው ማን ነው?» የሚለው ነው። በአንጻሩም የፒንግ መልስ አለመምጣቱ ኮምፒውተሩ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ብዙ ፋየርዎሎች ፒንግን ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ።

የኔትወርኩ ኃላፊዎች ከውጭ ሊደረስበት በሚችል አንድ የመግቢያ ኮምፒውተር ላይ ፈቃድ ሰጡን፤ በዚያ በኩል ኤስ.ኤስ.ኤች. የተባለውን፣ መረጃን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፍ መስመር ዘረጋን። ኤስ.ኤስ.ኤች. እ.ኤ.አ. በ1995 የፊንላንዱ ታቱ ዩሎነን በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ የይለፍ ቃሎች በተሰረቁ ጊዜ የሠራው ሲሆን፣ ሌሎች ፕሮቶኮሎችን እንደ ዋሻ በውስጡ ያሳልፋል።

ሁለተኛው ችግር፤ ዝምታና እምቢታ

በዋሻው በኩል ስንሞክር ምላሹ ተለወጠ፤ «ግንኙነቱ ተከልክሏል» አለን። ለጀማሪ ይህ እንደ ውድቀት ይቆጠራል፤ ለእኛ ግን ከአምስት ቀን በኋላ የመጣ የመጀመሪያ የምሥራች ነበር።

ምክንያቱን እንመልከት። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ አገልግሎቶች ስለሚኖሩ እያንዳንዱ ፖርት የሚባል የበር ቁጥር አለው፤ አር.ዲ.ፒ. 3389፣ ቪ.ኤን.ሲ. 5900፣ ኤስ.ኤስ.ኤች. 22። በሩን ስናንኳኳ ከሦስት ነገር አንዱ ይገጥመናል። አገልግሎቱ ካለ ይከፍታል። ኮምፒውተሩ ኖሮ አገልግሎቱ ካልተነሣ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ ወዲያው «እዚህ በር ላይ ሰው የለም» ይላል፤ ይህ እምቢታ ነው። መልእክቱ መንገድ ላይ በፋየርዎል ከተጣለ ወይም አድራሻው ከሌለ ደግሞ፣ ጠሪው ብዙ ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ይቆርጣል፤ ይህ ዝምታ ነው። ፈጣን እምቢታ ሲገጥመን አገልግሎቱን፣ የዘገየ ዝምታ ሲገጥመን መንገዱን እንመርምር። የርቀት ዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ሁለቱን በአንድ መልእክት ሊሸፍኑ ስለሚችሉ የሰዓቱን ርዝመት ልብ ማለት ይጠቅማል።

በቤተ ሙከራው ተረኛ ለነበሩት አዛውንት ባለሙያ ስልክ ደወልን።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ኮምፒውተሩ በርቷል?»

«በርቷል ልጄ። ትናንት መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ሲመጣ እኔው አስነሣሁት።»

ነገሩ ግልጽ ሆነ። ኤክስ አር.ዲ.ፒ. ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ አልታዘዘም ነበር። ጋሼ በስልክ ያነበብንላቸውን ትእዛዝ ፊደል በፊደል ጻፉልን፤ በሩም ተከፈተ።

ሦስተኛው ችግር፤ የአራት ሰዓት ከሃያ ምስጢር

አሁን የመግቢያው ሰሌዳ መጣ። ስማችንንና የይለፍ ቃላችንን አስገባን፤ «መግባት አልተቻለም» አለን። ቃሉን ረስተነዋል ብለን ተወቃቀስን። በርቀት ዴስክቶፕ የማንነት ማረጋገጫ ክፍል ግን ከይለፍ ቃሉ ሌላ ብዙ ነገር ሊበላሽ ይችላል። ለምሳሌ በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት በዚሁ ክፍል የተገኘ ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ አወጣ፤ በግንቦቱ ማሻሻያ ደግሞ የታደሰ ኮምፒውተር ካልታደሰ ጋር እንዳይገናኝ አደረገ። ትናንት ይገናኙ የነበሩ ኮምፒውተሮች በማግሥቱ አልገናኝ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ትክክለኛው መፍትሔም ወደኋላ የቀረውን ማደስ ነበር።

የእኛ ግን ከዚህም የራቀ ነበር። የቤተ ሙከራው ኮምፒውተር የተጠቃሚውን ማንነት የሚያረጋግጠው ኬርቤሮስ በተባለ ፕሮቶኮል፣ ከማዕከላዊ ኮምፒውተር ጋር እየተመካከረ ነው። ኬርቤሮስ የተሰረቀ መልእክት ዘግይቶ እንዳይደገም ሲል በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ሰዓት ያትማል፤ በሁለቱ ኮምፒውተሮች ሰዓት መካከል በተለመደው አሠራር ከ5 ደቂቃ የሚበልጥ ልዩነት ካየ አይቀበልም። እንደገና ደወልን።

«ጋሼ፣ እስቲ በማያ ገጹ ጥግ ያለውን ሰዓት ያንብቡልን።»

«አራት ከሃያ ይላል። ትክክል ነው፤ መብራት ሲመጣ ሰዓቱ ጠፍቶበት ስለነበር ከእጅ ሰዓቴ እያየሁ ያስተካከልኩት እኔው ነኝ።»

የጋሼ የእጅ ሰዓት በእርግጥ ትክክል ነበር፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ያ ሰዓት 10፡20 መባል ነበረበት። እኛ ቀኑን ከንጋት ስንቆጥር፣ ኮምፒውተሩ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል። በመካከሉ ያለው ልዩነት 6 ሰዓት፣ ማለትም 21,600 ሰከንድ ነው። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትይዘው የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ሞታ ነበር። ሰዓትን ከኔትወርክ የሚያስተካክለው ፕሮግራምስ የት ሄደ? ነባሩ የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ልዩነቱ ከ1,000 ሰከንድ ሲበልጥ «ይህ ስህተት መሆን አለበት» ብሎ ሥራውን ያቆማል። እኛ ያሰብነው የይለፍ ቃል ነበር፤ መንስኤው ግን የሁለት ባህል ሰዓት አቆጣጠር ሆኖ ተገኘ። ጋሼ ሰዓቱን አረሙት፤ በዚያው የይለፍ ቃል ገባን።

አራተኛው ችግር፤ ጥቁር ማያ ገጽ

ገባን እንጂ ያየነው ድፍን ጥቁር ነበር። ይህ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ በሚደረግ ግንኙነት በተደጋጋሚ የሚታይ ነው። ዊንዶውስ አንድ ተጠቃሚ ከሩቅ ሲገባ የነበረውን የሥራ ገበታ አንሥቶ ያቀብለዋል። ኤክስ አር.ዲ.ፒ. ግን በተለመደው አሠራሩ አዲስ ገበታ ይዘረጋል። ያው ተጠቃሚ በኮምፒውተሩ ማያ ገጽ ላይ ቀድሞ ገብቶ ከሆነ፣ አንዳንድ የሊኑክስ ዴስክቶፖች ለአንድ ሰው ሁለት ገበታ መዘርጋትን አይፈቅዱም፤ ሥዕል አልባ ጥቁር መስኮትም ይቀራል። ጋሼ ሊረዱን ብለው በእኛ ስም ገብተው ነበር። እንዲወጡ ስንለምናቸው ዴስክቶፑ ወለል ብሎ ታየ።

በቅርብ ዓመታት ብዙ ሊኑክሶች ኤክስን ትተው ዌይላንድ ወደተባለው አሠራር ተሸጋግረዋል። በዌይላንድ አንድ ፕሮግራም የሌላውን መስኮት ያለ ፈቃድ እንዳይቀዳ ስለተከለከለ፣ ለኤክስ የተሠሩ የቆዩ የማያ ገጽ ማጋሪያዎች እዚያ ላይ ጥቁር ሥዕል ብቻ ሊያሳዩ ይችላሉ። ይህም ብልሽት ሳይሆን ጥበቃ ነው።

አምስተኛው ችግር፤ ፊደላችን

የጥናታችንን መጠይቅ የሞላነው በአማርኛ ስለነበር፣ የመጨረሻው እንቅፋት የገጠመን ስንጽፍ ነው። ላፕቶፓችን ላይ የአማርኛ መጻፊያ አለ፤ በርቀቱ መስኮት ውስጥ ግን የሚወጣው የላቲን ፊደል ሆነ።

አር.ዲ.ፒ. በተለመደው አሠራሩ የሚልከው ፊደሉን ሳይሆን የተመታውን ቁልፍ ቁጥር ነው፤ ቁልፉ ምን ፊደል እንደሚሆን የሚወስነው የሩቁ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ የአማርኛ መጻፊያው መጫን ያለበት እዚያ ነው። ቪ.ኤን.ሲ. በአንጻሩ የሚልከው የፊደሉን መለያ ነው፤ የሩቁ ኮምፒውተር ያንን ፊደል በራሱ የቁልፍ ሰሌዳ ላይ ካጣው ሊጥለው ይችላል። በሁለቱም ወገን መጻፊያው ከበራ ደግሞ ፊደሎቹ ሊደበላለቁ ይችላሉ። ደንቡ አጭር ነው፤ መጻፊያው በአንድ ወገን ብቻ ይብራ።

ማንበብስ? የርቀቱ መስኮት የሚያሳየን ሥዕል ስለሆነ፣ ፊደሉ በሩቁ ኮምፒውተር ላይ ካለ እኛ ዘንድ ባይኖርም ይታያል። ጽሑፉን ኮፒ አድርገን ወደ ላፕቶፓችን ስናመጣው ግን ሥዕል መሆኑ ቀርቶ ቁጥር ይሆናል። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከገባ ወዲህ «ሀ» በማንኛውም ኮምፒውተር 4608 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ሶፍትዌሮች የተጻፉ ሰነዶች ግን የላቲን ፊደላትን ቁጥር ስለሚበደሩ፣ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም አልባ ምልክት ሆነው ይታያሉ። ይህን የርቀት ዴስክቶፕ ጥፋት ማድረግ አይገባም።

በችኮላ የሚከፈት በር

በእነዚያ አራት የግምት ቀናት ካደረግናቸው ነገሮች አንዱን በኀፍረት እንናገራለን። ፋየርዎላችንን ዘግተን ነበር፤ በቤተ ሙከራው በኩልም 3389 ቁጥር በር ለመላው ዓለም እንዲከፈት ለመለመን ደብዳቤ አዘጋጅተን ነበር። ቢፈቀድልን ኖሮ ግንኙነቱ ይሰምር፣ ልኬታችንም አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። ለዓለም የተከፈተ 3389 በር ያለማቋረጥ የይለፍ ቃል በሚገምቱ ፕሮግራሞች ይንኳኳል። በግንቦት 2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውና «ብሉኪፕ» የተባለው ቀዳዳ ደግሞ የይለፍ ቃል ሳያስፈልግ በቀድሞ ዊንዶውሶች የርቀት ዴስክቶፕ አገልግሎት በኩል ለመግባት የሚያስችል ነበር። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቋረጠ 5 ዓመት ላለፈው ዊንዶውስ ኤክስፒ ጭምር ማሻሻያ ማውጣቱ የአደጋውን ክብደት ያሳያል። በሩ በቪ.ፒ.ኤን. ወይም በኤስ.ኤስ.ኤች. ዋሻ ውስጥ ሲሆን ግን፣ አንኳኳዩ መጀመሪያ ዋሻውን ማለፍ አለበት።

ያለፍነውን መንገድ ለአንባብያን በአጭሩ እናስቀምጥ፤

1. ኮምፒውተሩ በርቷል? አልተኛም?
2. የጠራነው አድራሻ በእርግጥ የእሱ ነው? መንገዱስ ከእኛ ግቢ ወደ እሱ ግቢ ያደርሳል?
3. በሩ ሲንኳኳ ምላሹ መከፈት ነው፣ እምቢታ ነው ወይስ ዝምታ?
4. ሁለቱ የሚናገሩት አንድ ፕሮቶኮል ነው? ማሻሻያቸውና ሰዓታቸውስ ይስማማል?
5. ተጠቃሚው በሌላ ገበታ ላይ አስቀድሞ አልገባም?
6. የቁልፍ ሰሌዳው በማን ወገን ነው?

ጥያቄዎቹ ከታች ወደ ላይ የተደረደሩ ናቸው። የታችኛው ሳይመለስ የላይኛውን መነካካት፣ እንደ እኛ የአከራይን ልጅ ስልክ ሁለት ቀን መለመን ይሆናል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ የለወጡትን በማስታወሻ መጻፍ፣ ያልረዳውንም ወደ ነበረበት መመለስ ከሁሉ የሚበልጥ ልማድ ነው።

ዴስክቶፑ ወለል ብሎ በታየን ዕለት የመጀመሪያ ሥራችን ጥናቱን መቀጠል አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ልኬታችንን ወደ ለቡ ቀዳን። የዚያ ሌሊት ዋጋ የታወቀን በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ ነው። ከስድስቱ ጥያቄዎች አንዱም ሊረዳን በማይችልበት በዚያ ወቅት፣ ቅጂው ጠረጴዛችን ላይ ስለነበር ሥራችን ሳይቋረጥ ቀጠለ። የሩቅ ኮምፒውተር ቅርብ የሚሆነው መስመሩ እስካለ ድረስ ብቻ መሆኑን አንባብያን እንዳይዘነጉ አደራ እንላለን።